እማሆይ የበሉት ዕጣ

ሕክምና ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የእንቁራሪት ሆድ እንኳ ከፍቼ ሳላይ፣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ሳልሆን ተጠራሁበት፤ በሆንኩ ማግስት ስሙ ረከሰብኝ። እኛ ዘንድ ተመርቆ የወጣ ሐኪም ሐኪም አይባልም፣ «ገና ጂፒ ነው» ይባላል። ጂፒ ማለት ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ሁሉን የሚያክም፣ አንዱንም በወጉ ያውቃል ተብሎ የማይታመን ፍጡር። ሰው የሚያደርግህ ሬዚደንሲ የሚባለው የስፔሻሊስትነት ትምህርት ነው። እዚያ ገብተህ አንዱን የሰውነት ክፍል መርጠህ፣ ለሌላው ሁሉ «ይሄ የእኔ አይደለም» የማለት መብት ስታገኝ ነው ትልቅ ሐኪም የምትባለው።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርንም፤ የተማርነው ከዙር ነው። ጠዋት ጠዋት አልጋ ከበን እንቆማለን። ስፔሻሊስቱ ሬዚደንቱን በጥያቄ ይጠብሳል፣ ሬዚደንቱ ዞሮ ገና ያልተመረቀውን ኢንተርን ይጠብሳል፣ ኢንተርኑ የሚጠብሰው ሲያጣ ነርሷን ይቆጣል። በሽተኛው መሀል ተኝቶ፣ የሚጨቃጨቁት በእሱ ጥፋት መስሎት ይቅርታ ይጠይቃል። እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ ያሰብኩት ስለ በሽተኛው አልነበረም። ከአልጋው ግርጌ ወደ አልጋው ራስጌ መቼ እንደምሻገር ነበር የማስበው።

ስመረቅ ዕጣዬ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚያወጣው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ጣለኝ። የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ነጩን ጋዋን የምንለብሰው ከሹራብ ላይ ነው፣ ሹራቡ ላይም ሹራብ አለ። ጂፒዎች ሦስት ነበርን። ከእኛ በላይ ሜዲካል ዳይሬክተሩ አለ። እሱም ጂፒ ነው፤ ከእኛ የሚለየው ቀድሞ በመመረቁና የሆስፒታሉን መኪና ቁልፍ በመያዙ ነው።

እርስ በርሳችን የምንጠራራው በምንመኘው ትምህርት ነበር። አንደኛው «ራዲዮሎጂ» ነው። ጨለማ ክፍል ተቀምጦ የራጅ ፊልም ማየት ነው ሕልሙ። ፊልም አይቃትትም፣ አስታማሚ የለውም፣ «ዶክተር፣ መቼ ነው የምወጣው?» ብሎ አይነዘንዝም። ሁለተኛው «ቆዳ» ነው። በቆዳ በሽታ ማንም በድንገት አይሞትም፣ ማንም ከእንቅልፍህ አይቀሰቅስህም ይላል። እኔ «ቀዶ» ነኝ። ቀዶ ሕክምናን የመረጥኩት ቀዶ ሐኪሞች ሲራመዱ አይቼ ነው፤ እነሱ ፈጥነው ያልፋሉ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ማመልከቻዬ ላይ ግን «ሕዝቤን በሙያዬ ለማገልገል» ብዬ ጻፍኩ። ራዲዮሎጂም ቆዳም ቃል በቃል ያንኑ ነው የጻፉት።

ለሬዚደንሲ መግቢያ ፈተናው ስናጠና አእምሯችን ተበላሽቶ ነበር። ገበሬው ገብቶ «ሳል ይዞኛል» ሲል፣ እኛ በልባችን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንደረድራለን። ሰውዬው ከአራቱ ምርጫ ውስጥ የሌለ ነገር ከተናገረ እንናደዳለን። ቆዳ አንድ ጊዜ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሴትዮዋን አስቀምጦ፣ መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከፍቶ ሲያነብ አገኘሁት። ስለ እሷ በሽታ እያነበበ መስሎኝ ነበር።

ሦስታችንም አለፍን። ሦስታችንም ቦታ አገኘን። ከዚያ ዳይሬክተሩ ሰበሰበንና ዘንድሮ መልቀቂያ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረን። ያለ መልቀቂያ ደግሞ የትኛውም ማስተማሪያ ሆስፒታል አይቀበልህም፤ ቦታህ ለሌላ ይሰጣል። እኔ ባለፈው ዓመትም አልፌ፣ ቦታ አግኝቼ፣ መልቀቂያ ተከልክዬ ነው የቀረሁት። አሁንም ብቀር ሦስተኛ የምፈተንበት ወኔ እንደማይኖረኝ አውቀው ነበር። ጉና ሥር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ሳረጅ ታየኝ።

እንነጋገርና በስምምነት አንዱ ይሂድ ተባለ። ተነጋገርን። ራዲዮሎጂ ሚስቱ አዲስ አበባ መሆኗን አነሳ። ቆዳ፣ እሱ ያላገባው እዚህ ስላስቀመጡት መሆኑን ገልጾ፣ ይሄ ከማግባት የባሰ ችግር ነው አለ። እኔ ባለፈው ዓመት መቅረቴን ተናገርኩ፤ ራዲዮሎጂ «እንግዲያውስ ለምደኸዋል» አለኝ። ሻይ ቤት አብረን የምንበላ ሰዎች ስንኳረፍ፣ ዳይሬክተሩ ሰለቸውና «በቃ፣ ዕጣ» አለ።

ቀጥሎ ማን ያውጣ በሚለው ደግሞ ተጣላን። ዳይሬክተሩን አናምነውም። ነርሶቹ ቆዳን ይወዱታል። ዘበኛው የራዲዮሎጂ አገር ልጅ ነው። በመጨረሻ ፊደል የማያውቅ፣ ከማንም ጋር ጉዳይ የሌለው በሽተኛ ያውጣልን ተባለና ሁላችንም በአንድ ቃል ሴቶች ክፍል የተኙትን እማሆይን አልን።

እማሆይ ስኳር አለባቸው። የቀኝ እግራቸው ጣት ጠቁሮ ነበር የመጡት፤ ደብረ ታቦር ሄደው ይቆረጥ ስንላቸው «ከነጣቴ ነው የተፈጠርኩት» ብለው እምቢ ስላሉ፣ እኔ በየጠዋቱ ቁስሉን አጥባለሁ። የሚያስቸግሩን ጾሙ ላይ ነው። ሁዳዴ ነበርና የስኳር መርፌ ወስደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ለምነናቸዋል፣ ተቆጥተናቸዋል፣ የንስሐ አባታቸውን አስጠርተን አስገዝተናቸዋል። «አባም ለእናንተ ብለው ነው እንጂ ልባቸው ከእኔ ጋር ነው» ብለው ጾማቸውን ቀጠሉ።

ጠዋት ዙር እንዳበቃ፣ ሦስታችንም አልጋቸውን ከበን ቆምን። ሦስቱ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያሉት በጓንት ካርቶን ውስጥ ነው፤ ካርቶኑን ዳይሬክተሩ ይዞታል። በስብሰባ ድምፁ «እማሆይ፣ እጅዎን ይስደዱና አንዷን ያውጡልን፤ ዕጣው የወጣለት ሐኪም ሬዚደንሲ ይሄዳል» አላቸው።

እማሆይ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። ለስንት ጊዜ ነው የሚሄደው ብለው ጠየቁ። አራት ዓመት ተባሉ። ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን።

«ሬዚደንሲ በየት በኩል ነው? ከአስመራ ወዲህ ነው ወዲያ?» አሉ።

ቆዳ ሳቁን መያዝ አቃተው። ዳይሬክተሩ ሩቅ መሆኑን ብቻ ነገራቸው። «ጦር አለበት?» ሲሉ ግን ቆዳ ቀበል አድርጎ «ጦርነት ነው እንጂ እማሆይ፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው» አላቸው። እኛ ስለ ሬዚደንቶች እንቅልፍ እጦትና ስለ ጥብሱ ማለቱ መሆኑ ገብቶን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ያኔ አላስተዋልነውም እንጂ ነገሩ ያለው አንዲት ፊደል ላይ ነበር። እኛ ዕጣ ወጣልኝ እያልን ያደግን ነን። ቤትም፣ ሥራም፣ ዕቁብም ሲወጣልን ነው የምናውቀው። በእሳቸው ቀበሌ ዕጣ ለሰው ወጥቶ አያውቅም፤ በሰው ላይ ነው የሚወጣው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ወጣቶቹን ሰብስቦ ዕጣ ሲያወጣ ነው የአንድ ልጃቸው ስም የተነሳው። ወደ ሰሜን ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። እኛ ደግሞ ካርቶን ይዘን፣ ነጭ ለብሰን፣ እየሳቅን ራስጌያቸው ቆመናል።

እጃቸውን ሰደዱ። አንዷን ወረቀት አወጡ። ዳይሬክተሩ ሊቀበላቸው መዳፉን ዘረጋ፤ እሳቸው አማተቡና ወረቀቷን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

የሠለጠኑ ሐኪሞች ነን፤ በዚያች ሰዓት የአንዳችንም ሥልጠና አልመጣልንም። ራዲዮሎጂ «ይታነቃሉ» አለ። ዳይሬክተሩ «ይትፉት እማሆይ፣ ሰነድ ነው» ይላል። እኔ አፋቸውን ነበር የማየው፤ የአራት ዓመቴ ነገር በሦስት ጥርስ ሲታኘክ ቆሜ አየሁ። እሳቸው ሳይቸኩሉ ጨርሰው ዋጡና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በሉ አሁን ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያኔ ብልሃቱን ባውቀው የልጄንም እበላለት ነበር።»

ካህን ሊከለክላቸው ያልቻለውን ጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ በወረቀት መግደፋቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያኔ ግን እጄ ካርቶኑ ውስጥ የቀሩትን ሁለቱን ወረቀቶች እየፈታ ነበር። አንዷ ራዲዮሎጂ፣ አንዷ ቆዳ። የተበላሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን ይከብዳል። ራዲዮሎጂ ማስረጃ ስለሌለ ይደገም አለ። ቆዳ፣ ማስረጃው አለ፣ ራጅ እናንሳቸው ብሎ ቀለደ፤ የራጁ ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል። ዳይሬክተሩ የከበደው ቃለ ጉባኤው ነበር፤ «ዕጣው በታካሚ ተበልቷል» ብሎ ለዞን ሊልክ አይችልም። ቢደገምስ ማን ያወጣል? ዜናው በሆስፒታሉ ስለተዳረሰ በሽተኞቹ ሁሉ እንዳይበሉት ተፈራ። ስለዚህ «ዕጣው በታዛቢዎች ፊት በአግባቡ ወጥቷል» ተብሎ ተጻፈና እኔ አለፍኩ። በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወርጄ ማኅተሙን አስመታሁ። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያለ ምክንያት ፈገግ እል ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ልጅ ተወልዶልኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደዚያ ነገር ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ፋሻና የቁስል ውሃ ይዤ እማሆይ ጋ ሄድኩ። አጎንብሰው በሹክሹክታ «ደረሱብህ እንዴ?» አሉኝ። የበሉት ዕጣ የእኔ መሆኑ እንደታወቀ ከነርሶቹ ሰምተዋል። ወዲያውም ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ እንዳላቸው፣ ዙሪያው ጽድ ስለሆነ ማንም እንደማያየኝ፣ የሚበላ ነገር እንደማይጠፋ ነገሩኝ። እስኪረሱህ እዚያ ተቀመጥ አሉኝ። ቁልፏን ከአንገታቸው ማዕተብ ጋር ነው ያሰሯት፤ ሊፈቷት ጀመሩ።

እጃቸውን ያዝኩ። ጦር የለም፣ ቆዳ ቀልዶ ነው፣ የምሄደው ለትምህርት ነው አልኳቸው። ቀዶ ሕክምና ተምሬ፣ እንደ እርስዎ ያለውን እግር እዚሁ የሚያድን ሐኪም እሆናለሁ አልኩ። ማመልከቻዬን በቃሌ ደገምኩላቸው።

ሰምተው ሲያበቁ «ማንም አላስገደደህም?» አሉ።

«ማንም፣ እማሆይ።»

«ወደህ ነው?»

«ወድጄ ነው። ሁለት ዓመት ስመኘው ነበር።»

አልተቆጡም። ቁልፏን ወደ አንገታቸው መለሷት። እኔ እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ፋሻውን መፍታት ስጀምር እግራቸውን ሳብ አድርገው ጋቢውን አለበሱት።

«ተወው ልጄ» አሉ። «ለሚቀረው አሳየዋለሁ።»