ባልደረባዬ አደራ ያለኝ ክርክር

እኔና ባልደረባዬ መካነ ሰላም ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ጥብቅና እንሠራ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ መሥራት አይሆንለትም። ደንበኛ ሲያናግር እንኳ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል። «ኧረ ባክህ ተቀመጥ፣ አዞርከኝ!» ስለው ይስቃል።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ሲቃረብ ጭራሽ ባሰበት። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ወጥቶ ከደሴ የመጣ መንገደኛ ይጠይቃል። አንድ ጠዋት ገና ሲገባ፣ «ልዘምት ነው» አለኝ።

«አንተ ጠመንጃ መቼ ይዘህ ታውቃለህ?»

«ቁስለኛ መሸከምስ ያቅተኛል?»

አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም መሬቷን የቀማት ሴት ነበረች፤ ከወግዲ በኩል በእግሯ እየመጣች የምትሟገት። «ምስክሮቿን አስፈራርተውባታል። ራስሽ ሄደሽ አነጋግሪያቸው» ብሎኝ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተቋረጠ። ሥራ አልያዝ አለኝ። ሌላው ቢቀር ብዬ ወደ ምስክሮቹ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ብመሰክር ነገ በእርሻዬ መሐል እሳት ይለቁብኛል» አሉኝ።

«እርስዎ ዝም ካሉ እሷን ማን ይሰማታል?»

ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። የቀጠሮው ቀን ግን ከሁሉ ቀድመው ችሎቱ ደጅ ተገኙ።

ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ፣ አብሮት የዘመተ አንድ ቁስለኛ መርዶውን አምጥቶልኝ ነበር። አንድ ወታደር አውጥቶ ሁለተኛውን ሊያነሣ ሲመለስ ከባድ መሣሪያ መታው። አስከሬኑም አልተገኘም። እንባዬን ውጬ ተከራከርኩ፤ ለሴትዮዋ አልነገርኳትም።

ፍርድ ቤቱ መሬቱ እንዲመለስላት ወሰነ። ከችሎት ስንወጣ እየሳቀች፣ «ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው? እሱ ይስማልኝ እንጂ!» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገርኳት። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች። እኔ «አብሽሪ» እያልኩ አብሬያት አለቅሳለሁ። ስትነሣ፣ «እናቱ የት ናቸው? ውሰጂኝ» አለችኝ።

መንገዱ ሲከፈት እናቱ ወዳሉበት አጅባር ሄድን። እናቱ ጥቁር ለብሰው ተቀብለውን፣ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ስነግራቸው አተኩረው አዩዋት።

«በደወልኩለት ቁጥር ‹ቆይ እማ፣ ከሩቅ የመጣች ሴት እየጠበቀችኝ ነው› ይለኝ ነበር» አሉ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

እሷም ጉልበታቸውን ስማ «አዎ» አለቻቸው። እሳቸውም ከጎናቸው አስቀመጧት።