የግራ ዓይኔ፣ አያ ታከለ

ዛሬ ጠዋት ከአዲ አርቃይ ስልክ ተደወለልኝ። «አባባ አረፈ» አለኝ የአያ ታከለ ልጅ። «የማን አባት?» አልሁት። ሰምቼዋለሁ እኮ። ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ እምቢ አለ።

አያ ታከለ ሞተ ማለት ምን ማለት ነው? ለትንሣኤ ደውሎ «ምነው ድምፅህ ቀጠነ?» እያለ ሲስቅብኝ አልነበር?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጃንሆይ ጊዜ ከጎንደር አዲ አርቃይ ጤፍ የምናመላልስበት ማኪና ጣልያን ጥሎት የሄደ ነበር። መሪው በቀኝ ነው። ሾፌሩ የግራውን የመንገድ ጠርዝ አያይም። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ጠርዝ ማለት ገደል ነው። ስለዚህ ሁለት ሾፌሮች ነበርን፣ እኔና አያ ታከለ፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል። ሲደክመን እንቀያየራለን።

ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። የሚነዳው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ «እየልኝ» ይላል። የሚያየው ጠርዙን በዓይኑ ካረጋገጠ «አየሁልህ» ይላል። ካላየ ዝም። ዝም ከተባለ መቆም ነው። መሪ መንካት የለም፣ መጮኽ የለም፣ «እኔ ብሆን ኖሮ» የለም። ይቺ የመጨረሻዋ ለኔ ከበደችኝ፤ አፌ አያርፍም ነበርና።

አንድ ክረምት ደባርቅ ላይ ተኮራረፍን። ማርሽ ስትቀይር ማኪናዋን ታስለቅሳታለህ ብሎ ጫኞቹ ፊት ሳቀብኝ። እኔም የመጣልኝን መለስሁለት። ሳንነጋገር አደርን። ጠዋት ደህና አደርህ እንኳ ሳይለኝ ገብቶ በግራ ተቀመጠ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉም ነበር። «እየልኝ» ስለው «አየሁልህ» ይላል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንዱ መታጠፊያ ላይ ግን ዝም አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። አሁንም ዝም።

ኩርፊያው መሰለኝ። በንዴት እግሬን ከፍሬን ላነሳ ምንም አልቀረኝ። ግን ይህ ሰው በዚያች ቃል ቀልዶብኝ አያውቅም፤ ቆምሁ። ወርደን ብናይ የመንገዱን ግራ ጎን ዝናብ ይዞት ወርዷል። እሱም ጉሙ ሸፍኖበት ነው እንጂ መፍረሱን አላወቀም። አላየሁም ብሎ ዝም አለ፣ በቃ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሰላምታዬን ነው የነፈግሁህ እንጂ ዓይኔን አልነፈግሁህም» አለኝ።

ከዚያ ተነሥተን ድንጋይ ስንደረድር ዋልን። ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ትሠራለች። አንዱ ሲጽፍ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ያይለታል፣ ተራ በተራ ነው አለችኝ። ሸጋ ነው፣ ብቻ ስትጣሉም ማየቱን አትተዉ አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው።

አያ ታከለ፣ የኔ ሸጋ፣ በሰላም ሂድ። እንግዲህ እኔ ወደማላየው ጎን ቀድመኸኝ ተሻግረሃል።

እየልኝ።

እስክትመልስልኝ ፍሬን ይዤ እዚሁ እጠብቃለሁ።