ለእትዬ ሐሊማ ያቀረብኩት ትሪ

ይህንን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። «ሌላ የቀረሽ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለም አባቴ» እላለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም። ስትፈርዱብኝም ፊታችሁን አላይም። ፈሪ ስለሆንኩ ለእናንተ መናገሩ ቀለለኝ።

ነገሌ ቦረና፣ የአንድ እርዳታ ድርጅት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ሐሊማ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በጾም ወራት ለሰው የፍስክ ስሠራ መቅመስ ስለማልችል እሳቸው ይቀምሱልኛል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ የእሳቸውን ሾርባ እኔ እቀምስላቸዋለሁ። ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ እየተባባልን ስንኖር አንድ ቀን ተቃቅረን አናውቅም።

እንደምታውቁት በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይነካም። ለሠርግ ቢሆን ለለቅሶ ድስቱ ለየብቻ ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት፤ ሳላውቅ አጠፋሁ የምልበት አፍ የለኝም።

የፈረንጆቹ ገና ደረሰ። እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ማዳም የምንላት ፈረንጅ አለቃችን ሠራተኛውን ሁሉ፣ የሰፈሩንም ሽማግሌዎች ምሳ ጠራችና ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ሁለት ተርኪ ከነነፍሳቸው ጭኖ መጣ። ተርኪ የሚሉት ዶሮ መሳይ ነገር ነው፤ ግን አንዱን ለመሸከም ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አንዱን ዘበኛው ቢስሚላ ብሎ ለሙስሊሞቹ አረደ። ሌላውን ሾፌሩ በስመ አብ ብሎ ለማዳምና ጾም ለሌለባቸው ክርስቲያኖች አረደ። ማዳም ራሷ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው። ባዕዷ የጠበቀችውን እኔ የአገሩ ልጅ አፈረስኩት።

አጠባበሱን ነግራኝ ነበር እኮ። ቆዳውን አትግፈፊ፣ ቅቤውን ከቆዳው ሥር አስገቢ፣ እሳቱን መጥኚ፣ በፎይል ሸፍኚ፣ ጭኑን ስትወጊው ደም የሌለው ውሃ ሲወጣ ነው የበሰለው፣ ከዚያም ሳትቆርጪ ጥቂት ይረፍ አለችኝ። እሺ አልኩ። በሆዴ ግን ሳቅኩባት። ዶሮ ከነቆዳዋ የሚበላ ማን ነው? እኔ ያደግኩት ቆዳዋን ገፍፎ፣ ብልቷን በሎሚና በጨው ደጋግሞ በማጠብ ነው። ባለሙያ ነኝ ባይ ነበርኩ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኔ ልብ ውስጥ የነበረው ኩራት ነው።

ምድጃው አንድ ስለነበር በማለዳ የሙስሊሞቹን አስቀደምኩ። ቆዳውን ገፈፍኩት፣ አጠብኩት፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቅቄ አስገባሁት። ሳወጣው ከል መስሎ ነበር። ደነገጥኩ፤ ግን የጠቆረ ሁሉ የበሰለ መሰለኝና ጨርቅ አልብሼ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን ፈርቼ ልክ ማዳም እንዳለችኝ አደረግኩ። እሱ እንደ ድፎ ዳቦ ቀልቶ፣ ቅቤው እየተንጠባጠበ ወጣ። ጭኑን ወጋሁት፤ የወጣው ውሃ ንጹሕ ነበር።

እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው የመጀመሪያውን የቆረጥኩት። ደረቱ ደርቆ እንደ ፍልጥ ይሰነጠቃል። ጭኑ ውስጥ ደግሞ አጥንቱ ዙሪያ ጥሬ ደም አለ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ሲጫወቱ ይሰማኛል፤ ማዳም ሁለቴ ብቅ ብላ «ደረሰ?» ብላኛለች። ይህን ባሳያት ታባርረኛለች ብዬ ፈራሁ። ያኔ ልጆቼን የማሳድገው በዚያ ደመወዝ ነበር። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የፈራሁትን እንድታውቁት ነው።

ያረረውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከጓዳ ደበቅኩ። ከዚያ ክርስቲያን ያረደውን ቆራርጬ ለሁለት ትሪ ከፈልኩት። እኔ ነኝ የከፈልኩት። በእነዚህ እጆቼ።

እትዬ ሐሊማ ገቡ። «የእኛ የትኛው ነው ብርቄ?» አሉኝ።

«ይሄኛው ነው።»

«ጾም ላይ ነሽ አይደል? ቆይ ልቅመስልሽ።»

እጃቸው ወደ ትሪው ሲሄድ አየሁ። ተዉ ማለት እችል ነበር። ምላሴ አልተቆረጠም፣ አፌን የያዘኝ ሰው የለም። ቢስሚላ ብለው ጎረሱ፤ አላምጠውም ዋጡ። «ማሻ አላህ፣ ጨዉም ልክ ነው። እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ትሪውን አንስተው ለተጋበዙት ባላቸው፣ ለዘበኛው፣ ለሽማግሌዎቹ ራሳቸው አቀረቡ።

ማታ ማታ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር መጡብኝ እል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈር ቢሰማ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቡት። ስንት ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ጎረቤት በእኔ ምክንያት ዓይን ለዓይን ባይተያይስ? በዚያው ሰሞን እትዬ ሐሊማን ሆዳቸውን አመማቸው። ቅጣቱ ለእሳቸው ደረሰ ብዬ ልሞት ደረስኩ። ልጠይቃቸው ስሄድ አጥሚት ይዤ ሄድኩ፤ የያዝኩትን ሁሉ ሳያመነቱ ጠጡልኝ።

ከከረመ በኋላ የሌላ ሰው ወሬ አስመስዬ ማዳምን ጠየቅኳት፤ ተርኪ ደርቆና ጥሬ ሆኖ ቢወጣ ምን ይደረጋል አልኳት። ሳቀች። ጭኑን ቆርጦ ከመረቅ ጋር መልሶ ማስገባት፣ ደረቱን በስሱ ቆራርጦ ትኩስ መረቅና ቅቤ ማጠጣት፣ ያረረውን ልጦ መጣል። እንግዳውን ትንሽ ቆዩ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ልታባርረኝ ቀርቶ የሸሚዟን እጅጌ ሰብስባ ታግዘኝ ነበር። የፈራሁት ነገር ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው።

ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ የድግስ ወጥ ሠሪ ሆንኩ። ክርስቲያን በመሆኔ ከሙስሊም ቤት ማን ይጠራኛል? እትዬ ሐሊማ ናቸው ያስጠሩኝ። ሰው ሲያመነታ «ብርቄ ስትሠራ አጠገቧ ኖሬያለሁ፤ ተንኮል የሌላት ንጹሕ ሰው ናት፤ ለእሷ እኔ ዋስ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ድስት አላደባለቅኩም፤ ግን የምበላው እንጀራ በእሳቸው ዋስትና የመጣ ነው። እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ደጃቸው ስደርስ እፈራለሁ። ከገሃነም ይልቅ የእሳቸውን ፊት እፈራለሁ።

ባለፈው ዓመት ራሳቸው ቤቴ መጡ። «አካም ብርቄ» ብለው ገቡ፤ ነጭ ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ልጆቻቸው ለሐጅ ሊልኳቸው ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ።

«ልጄ፣ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ተቆጥቼሽ ይሆናል፣ አምቼሽ ይሆናል። አፉ በይኝ፤ በአንቺ ሐቅ እንዳልጠየቅ» አሉኝ።

እንደ እሱ ያለ ቀን ዳግመኛ አይመጣም። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እጃቸው እጄን እንደያዘ ነበር፤ ቢሰሙ ይለቁኛል ብዬ ፈራሁ።

እኔ ሳልናገር፣ እኔ እግራቸው ላይ ሳልወድቅ፣ ቀና ብዬ ቆሜ እሳቸውን ይቅር አልኳቸው።