የመጡትን ንገረኝ

ልጄ ብርቱካን ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ካደረጓት ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ክረምቱ ግቢውን በደለል ስለሞላው፣ ተማሪ ሳይገባ መምህሩም ወላጁም ወጥቶ እንዲጠርግ ጠርታ ነበር። ቦርሳዋን መደቡ ላይ ወርውራ፣

«አባዬ፣ ከዚህ አገር ሰው ጋር ሥራ አይሠራም!» አለች።

ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት ወደቀ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ አንድ መስመር ለማንበብ ጊዜ ይፈጅብኛል። አንደኛው ወልድያ ስልጠና ላይ የሰጧት ነው፤ «ቀና አመለካከት ለውጤታማ አመራር» ይላል። ሁለተኛው የራሷ ጽሕፈት ነው፤ «የቀሩ ሰዎች» ይላል፤ ከሥሩ ስም በስም ተደርድሯል። ሳቅሁ። ተቆጣች። ያሳቀኝ ግን እሷ አይደለችም። እኔም በጉብዝናዬ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዤ ዞሬያለሁ። መጻፍ አልችልምና የያዝኩት በገመድ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወረደና ግድባችንን ጠረገው። ግድብ ስል ሲሚንቶ እንዳታስቡ። ድንጋይ ደርድረን፣ ቅርንጫፍ ጎዝጉዘን፣ በጭቃ መርገን ወንዙን ወደ ቦያችን የምንመልስበት ነው። ከዚያ ቦይ ስድሳ አባወራ ያጠጣል። የእናቴ ማሳ ከሁሉም መጨረሻ፣ የቦዩ ጭራ ላይ ነበር። አባቴ ሞቷል፤ ያለችን ያቺው የሽንኩርት ማሳ ናት። ችግኙ ከተተከለ አምስት ቀኑ ነው፤ ጸሐዩ ደግሞ የቆላ ጸሐይ ነው። በሳምንት ውስጥ ውሃ ካልደረሰ አለቀልን።

የውሃ አባታችን ጋሽ ይመር ይባሉ ነበር። የውሃ አባት ማለት የውሃ ተራ የሚያወጣ፣ ጠብ የሚዳኝ፣ ለቦይ ሥራ ሰው የሚጠራ ሽማግሌ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ተስማምቶ ነው የመረጣቸው። ቀጭን ናቸው፤ የፊት ጥርሳቸው ስለወለቀ ሲስቁ ያፏጫሉ። ያን ጠዋት ሁላችን ዳር ቆመን የሄደውን ስናለቅስ፣ እሳቸው ሽርጣቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና ድንጋዩን በእጃቸው መታ መታ ማድረግ ጀመሩ።

«ይቺ አለች። ይሄም አለ። ያንን ትልቁንማ ጎርፉ አልነካውም፤ አልሐምዱሊላህ!»

ደሜ ፈላ። «ጋሽ ይመር፣ ሰው ሊራብ ነው፤ አንቱ ይስቃሉ?» አልኳቸው።

«አበጋዝ ልጄ፣ ብቆዝምልህ ወንዙ የሚመለስ ይመስልሃል?»

እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ «አንተ ድንጋዩ ይቅለልልህ፤ አንቺ ወገብሽ አይዛል» እያሉ። አሜን አልን። ከዚያ ጭቃው የጠለቀበት ቦታ ራሳቸው ገቡ። የዚያን ቀን መሠረቱን ግማሽ አደረስነው።

በማግስቱ ወባ ጣላቸው። «አበጋዝ ይተካኝ» ብለው ላኩ። ለምን እኔን እንደመረጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጭራ ላይ ያለ ሰው ይብስ ይጠማዋል ብለው ይሆናል።

እኔም ድንጋይ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከስድሳው የመጣው ሠላሳ አራት ነው። ለቀረው ለእያንዳንዱ በድንጋይ መጎተቻ ገመዴ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩ፤ ስሙንም እየጠራሁ ጮህኩ። ሰነፍ ብዬ ተሳደብኩ። እትዬ ዘሐራ የምትባል ጎረቤታችን ከጭቃው ቀና ብላ፣

«አንተ አበጋዝ፣ ላልመጣ ሰው ስትጮህ የመጣነውን አደነቆርከን እኮ!» አለችኝ።

አልሰማኋትም። እኔ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። እኩለ ቀን ላይ አንዱ ጥጃ ልፈታ፣ አንዱ ራሴን አመመኝ እያለ ተንጠባጠበ። ስምንት ሰው ቀረን። ባላለቀው ግድብ ሥር ውሃው ሾለከና ያን ቀን የደረደርነውን ይዞት ሄደ።

ማሽላው በሁለት ወገን ያዘረዘረበትን የግራናን መንገድ ይዤ ጋሽ ይመር ቤት ገሰገስኩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ገመዱን አሳየኋቸው፤ የሃያ ስድስቱን ሰው ስም አንድ ሳልስት አወረድኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሺ። አሁን ደግሞ የመጡትን ንገረኝ» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። አምስት ስም ጠራሁና ቆምኩ።

«ሌሎቹስ?»

«ኧረ ብዙ ነበሩ…»

«ብዙ ነበሩ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው። «ያልመጣውን ቋጥረህ ይዘኸዋል። የመጣውን ግን አላየኸውም። ካላየኸው ነገ ለምን ይመጣል?»

«ታዲያ ልሳቅላቸው?» አልኩ ተኮሳትሬ።

«ተው፣ ያንተ ፊት ለሳቅ አልተሠራም፤ ታስደነግጣቸዋለህ። ስማቸውን ብቻ ጥራ። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ግባ።»

በነጋታው የመጣው አሥራ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርቼ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ አልኩ። ምላሴ እየተሳሰረ፣ «ወገባችሁን ያጽናው» ብዬ መረቅሁ።

«ኧረ አበጋዝ መረቀ! ዘንድሮ ጉድ ነው!» አለች እትዬ ዘሐራ፤ ሁሉም ሳቀ። ትላንት ቢሆን እጣላ ነበር። ወርጄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።

ትልቁን ድንጋይ ልንጎትት ስንል ገመዴ አልደርስ አለ፤ ቋጠሮው አሳጥሮታል። ተቀምጬ በጥርሴ መፍታት ያዝኩ። ትላንት ቀርቶ የነበረው ሰይድ አጎንብሶ አየኝ።

«የኔ የቱ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እንግዲህ ቶሎ ፍታኝ፤ ድንጋዩ እየጠበቀኝ ነው!»

ሳቃችን መንገድ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ ሰው አንድ ሁለት እያለ መጨመር ጀመረ። እናቴ የላከችውን የባቄላ ንፍሮ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ሰፌድ ዘገንን። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ ውሃው ጭራው ላይ ደረሰ። እናቴ እጇን ነክራ ግንባሯን አበሰች። ሁሉም ችግኝ አልተረፈም፤ ከሦስት አንዱ ደርቋል። ጋሽ ይመር ትንሽ ሲሻላቸው በበትር ተደግፈው መጡና መደብ መደቡን እየዞሩ፣ «ይቺ አለች፣ ይቺም አለች» አሉ። በዚያን ጊዜ አልተቆጣሁም።

ጋሽ ይመር ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ቀና አመለካከት የሚባለው ጥርስ ማሳየት ይመስለኝ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላም ብዙ የምስቅ ሰው አልሆንኩም፤ ግን ሰው ጠርቼ ባዶ ሜዳ ላይ የቆምኩበት ቀን የለም።

ብርቱካንን ዝርዝሯን መለስኩላት።

«የመጡትስ?» አልኳት።

«የመጡትማ መጥተዋል! ምን ይደረጋል?»

«ስማቸውን ንገሪኝ።»

ብዕሯን አነሳች። ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ንጹሕ ነበር። «ዘበኛው ጋሽ ታደሰ» ብላ ጻፈች። «ልጇን አዝላ አካፋ የያዘችው… ስሟ ማን ነበር?» ብላ ብዕሯን ነከሰች።

«ነገ ጠይቂያት» አልኩ።