የሦስተኛው ሰው ካርታ

ከጓሳ ግርጌ ወዳለች አንዲት ቀበሌ የተመደብኩት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ነው። ዋናው ሥራዬ በግ መከተብ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ጠዋት ወርዶ እስከ ማታ የማይነሣበት ቀን ይበዛል፤ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ በግ አይታይም። እንዲህ ባለው ቀን ከቤት አልወጣም። ከአከራዬ ጋር ካርታ መጫወት የጀመርነውም ያኔ ነው።

አከራዬ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ወታደር ነበሩ። ወደ ሰሜን ዘምተው እንደወጡ ከቀሩ ሃያ ዓመት አልፏል። ሞቱ ያለ የለም፤ አሉ ያለም የለም። መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰላቸውም፣ ተዝካራቸውም አልወጣም። ጨዋታውን ለእማማ ያስተማሯቸው እኒሁ ባለቤታቸው ናቸው፣ ጦር ካምፕ አብረው ሲኖሩ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ከአራቱ ንግሥቶች አንዷ ትወጣለች። የቀረው ይታደልና ሁሉም ከእጁ ተመሳሳዮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ይጥላል። ከዚያ በየተራ ከጎኑ ካለው ሰው እጅ ሳያይ አንድ ካርታ ይስባል፤ ጥንድ ከሆነለት ይጥላል። መጨረሻ ላይ ጥንድ አልባዋ ንግሥት የቀረችበት ተሸነፈ።

እማማ በመጀመሪያው ቀን ለሦስት አደሉት። ሦስተኛውን ድርሻ በሩ አጠገብ ባለ ባዶ በርጩማ ላይ ደፍተው አስቀመጡት። የማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የሱ» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸውን እንደሳቸው «እሱ» ማለት ለመድኩ።

ጥንዶቹን እያየሁ የምጥልለት እኔ ነበርኩ። እማማ ካርታውን ገልጠው አያዩትም፤ በውዘው መልሰው ከመድፋት በቀር። ተራው ሲደርስ ግን ከኔ እጅ የሚስቡለት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን በካርታዎቼ አናት ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉና አንዱን ይመዛሉ።

ያን ሰሞን ንግሥቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀረው እኔ ጋ ነው፤ አልፎ አልፎ እማማ ጋ። እሱ ጋ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ሲታደል ብትደርሰው እንኳ ብዙ አትቆይም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር፤ የሱን ካርታዎች ሳነሣቸው ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው። የኔም የእማማም ደረቅ ነው። በሩ አጠገብ ስለሆነ ጉሙ ነው ብዬ በርጩማውን ከምድጃው ጎን፣ ኩበቱ ከሚነድበት አስጠጋሁት። እዚያም ረጠቡ። ለእማማ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና ካርታውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

ለምን እንደምሸነፍ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ንግሥቷ እጄ ላይ ስትሆን እንዳትወሰድብኝ የምፈራ ይመስል አውራ ጣቴ እሷን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ልቤ እንድትሄድልኝ ይመኛል፤ እጄ ግን ይከለክላል። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚዳስሱት ይህንኑ ነበር፤ የጠበቀውን ካርታ እያለፉ የላላውን ይመዛሉ። ሆን ብለው ይሁን ሳያውቁት፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ማታ ማታ ብቻዬን ሁሉንም ካርታ እኩል መያዝ ተለማመድኩ። ማሸነፍ ፈለግሁ። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እማማ ካርታቸውን ጨርሰው ከጨዋታው ወጡ። እኔና እሱ ቀረን። እኔ እጅ ላይ ንግሥቷና አንድ አምስት አሉ፤ እሱ ጋ አንድ አምስት። እማማ ጣታቸውን አሳለፉ፤ እጄ አልጠበቀም። የመዘዙት ንግሥቷን ነበር። ሳያዩ ከአምስቱ ጋር በውዘው በርጩማው ላይ ደፏቸው።

አሁን ከሁለቱ አንዱን መሳብ የኔ ተራ ነው። እጄን ወደ ግራው ሳስጠጋ ጣቴን በረደኝ፤ ከውጭ በረዶ የነካሁ ያህል። ወደ ቀኙ መለስኩት። እዚያ ምንም የለም። ቀኙን አነሣሁ፤ አምስት ነበር።

እማማ የቀረውን ካርታ ራሳቸው ገለጡት። ንግሥቷን አይተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። የኩበቱ ጢስ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ መንቀሳቀስ ፈራሁ።

«በሕይወት ቢኖር ንግሥቲቱን ለኔ እንጂ ለራሱ አያስቀርም ነበር» አሉ። «እንግዲህ የለም ማለት ነው።»

ዕድል ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ስለ አውራ ጣቴም ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ወደ ጎረቤት ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ጉሙ ውስጥ ለቅሶ ሰማሁ። ከየቤቱ ሴቶች እየተቀበሉት እየቀረበ መጣ፤ ማንንም ግን አላይም ነበር።

በአርባኛው ቀን ፍትሐት ተደርጎ ተዝካሩ ወጣ። ገብሱ ተፈጭቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሁለት በግ ታረደ። እኔም ጠላ እየቀዳሁ ሳለ የንስሐ አባታቸው መርዶውን ማን እንዳረዳቸው ጠየቋቸው። እማማ በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ።

«ይቺ ልጅ ናት» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በግ ለማስከተብ የሚመጡ ሰዎች ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይኔን አያዩም።

በጥቅምት አንዲት ሴት ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ መጣች። በግ አልያዘችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከመቀነቷ ያልተከፈተ አዲስ ካርታ አወጣች፤ ከዘመሮ ገበያ ገዝታው ነው። ልጇ በባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም።

«ተጫወቺልኝ» አለችኝ። «ብቻ እንዳታሸንፊው።»

ልመልሳት ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም። የመድኃኒት ካርቶን ገልብጠን ለሦስት አደልን። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ጊዜ ንግሥቷ እኔ ጋ ቀረች። ለመሸነፍ አንድም ነገር አላደረግሁም። ሴትዮዋ ጉልበቴን ሳመችና ካርታውን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ሄደች።

በማግሥቱ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። አሁን የምሠራው ዓለም ከተማ ነው።