ቸኩዬ ያየሁት ዓይን

ፋሻ የሚፈታበትን ጠዋት እፈራዋለሁ። ቀዶ ጥገናው ላይ ያን ያህል አልፈራም፤ እጄ የለመደውን ይሠራል። በማግስቱ ግን፣ የዓይን ሞራቸውን የገፈፍኩላቸው ሰዎች አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ሲጠብቁኝ እጄን ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ።

እኔና ባለቤቴ ቦንጋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የዓይን ክሊኒክ አብረን እንሠራለን። እኔ ነርስ ነኝ፤ ተጨማሪ ሥልጠና ወስጄ ሞራ እገፍፋለሁ፣ እሱ መነጽር ይለካል። ባልና ሚስት አንድ ቦታ ሲሠሩ ኑሮ የሚቀላቸው ይመስላል። እኛን ግን ሥራው ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ ይጠራናል፤ ያኔ ቤት የሚቀር ሰው የለም። ልጃችን አራት ዓመቷ በነበረበት ግንቦት፣ እሱ የተማሪዎችን ዓይን ሊመረምር ለአንድ ሳምንት ደካ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ሄደ።

እሱ በሄደ በማግስቱ ለስድስት ሰዎች ቀዶ ጥገና አደረግኩ። አንዷ ከዋጫ ወዲያ ካለ መንደር የመጡ አሮጊት ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸው በልጅነታቸው በእሾህ ተወግቶ ጠፍቷል። የቀረቻቸው ግራዋ ናት፤ እሷንም ሞራ ጋርዷታል። አማርኛ ስለማይችሉ፣ በካፊኖኖ ቋንቋ የሚሉትን ጎልማሳ ልጃቸው ይተረጉምልኛል።

«ሲስተር፣» አለኝ ወደ ውስጥ ስናስገባቸው፣ «ይህቺን ካጠፋሽብኝ ሌላ የለኝም ነው የምትለው።»

«አይዞዎት እማማ» አልኳቸውና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ቀዶ ጥገናው ያለ ችግር አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ስትነሳ ሰውነቷ ሞቅ ብሎ ነበር። ሽሮፕ ሰጥቼ መዋዕለ ሕፃናት አደረስኳት። የአምስተኛውን ሰው ፋሻ ፈትቼ ወደ አሮጊቷ ስዞር ስልኬ ጮኸ። አስተማሪዋ ናት።

«የልጅቷ እናት፣ ቶሎ ይምጡ! እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ዓይኗ ተገለበጠ!»

ደንቡን አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ ሰው አገጩን ማጉሊያ መሣሪያው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑ በደንብ መታየት አለበት። እኔ ግን የአሮጊቷን ፋሻ ቆሜ ፈታሁና በኪስ ባትሪ ቦግ አድርጌ አየሁ። ሦስት ጣቶቼን ዘረጋሁ። «ሦስት ትላለች» አለ ልጃቸው። ዓይናቸው ትንሽ ቀላ ያለች መሰለኝ፤ መምሰሉን ዛሬም አስታውሳለሁ። «ጥሩ ነው፤ ጠብታ ስጪያቸውና ይሂዱ» ብዬ ለነርሷ ነግሬ ሮጥኩ።

ልጄን የቶንሲል ትኩሳት ነበር ያንቀጠቀጣት። መርፌ ተወጋች፣ መድኃኒት ተሰጣት። እኔም ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ትኩሳቱ ግን ሄደ ሲሉት ይመለስ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአሮጊቷ ልጅ ደወለ።

«ሲስተር፣ እናቴ ዓይኔን በቢላ እንደሚቆርጡት ያመኛል ትላለች። ከትናንት ጀምሮ—»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብሞክር አልሠራም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ሕመም ማለት ዓይኑ ውስጥ ጀርም ገብቷል ማለት ነው። በሰዓታት ውስጥ ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት ዓይኑ ውስጥ ካልተወጋ፣ ያቺ አንዲት ዓይን ትጠፋለች። ቤታቸው ተቀምጠው ይሁን ወይም ወደ እኔ እየመጡ፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ ደካ ኔትወርክ የለም።

ከቤታችን አጠገብ ሱቅ ያላት፣ ከወልቂጤ የመጣች ጎረቤት አለችን። ልጄን ታቅፌ ሄድኩ።

«እትዬ፣ አንዲት ታካሚ ላመጣ ዋጫ መሄድ አለብኝ። ትኩሳቱ ከተነሳባት ግን...»

«ስድስት አሳድጌያለሁ። ስጪኝና ሂጂ።»

ልጄ አንገቴን አልለቅም አለች። «እማ፣ እኔም አሞኛል እኮ» አለችኝ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ሰጠኋትና ወጣሁ።

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መሀል መንገድ ላይ ያለችው ሺሺንዳ እስኪደርስ ዝናቡ አላቋረጠም። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስንደርስ ስልኬን አወጣሁ፤ ጎረቤቴ ምን እንደምትነግረኝ ፈርቼ መልሼ ከተትኩት። ከሺሺንዳ ጥቂት እንደሄድን መኪኖች ቆመው አገኘን። ከላይ የተናደ አፈር መንገዱን ዘግቶታል፤ ሰው ብቻ በጭቃው ላይ ተደጋግፎ ይሻገራል። እኔም ተሻገርኩ። ወዲያኛው ዳር ከቆሙት ሰዎች መካከል፣ ድንጋይ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ አሮጊት አየሁ። እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው በማለዳ ተሳፍረው እንደመጡ ነገረኝ።

በጃንጥላ ሥር ዓይናቸውን በባትሪ አየሁ። ነጩ እንደ ደም ቀልቷል፤ በብሌኑ ግርጌ ነጭ መግል ተጠራቅሟል። እጄን ፊታቸው ላይ አወዛወዝኩ።

«ጥላ ነው የሚታየኝ ትላለች» አለ ልጁ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «ሲስተር፣ ጠፋች እንዴ?»

«አላውቅም» አልኩት።

እናቱን አዝሎ ጭቃውን አሻገራቸው። ያመጣኝ ሚኒባስ ሲመለስ ተሳፈርን። መንገድ ላይ ጅማ ላሉት መምህሬ፣ ለዓይን ስፔሻሊስቱ ደወልኩ።

«እስከዚህ ካመጣሻቸው ይረፍዳል፤ አንቺው ውጊያቸው» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ብቻዬን አድርጌው አላውቅም።»

«ዛሬ ታደርጊዋለሽ። መጠኑን ጻፊ።»

ክሊኒኩ እንደደረስን መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ከነርሷ ጋር ሦስተኛ ጊዜ አነበብነው። መርፌውን የመጨረሻዋ ዓይናቸው ውስጥ አስገብቼ መድኃኒቱን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ካወጣሁት በኋላ ግን ጓንቴን ማውለቅ አቃተኝና ነርሷ አወለቀችልኝ።

ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ልጄ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። መተንፈሷን ለማረጋገጥ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደረግኩ።

«ቀትር ላይ ተንቀጠቀጠች፤» አለችኝ ጎረቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጤና ጣቢያ ወስጃት ተመለስን። ብደውልልሽ አትገኚም።»

አጠገቧ ተጋደምኩና እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቼ ቀረሁ።

አሮጊቷን በማግስቱ ጅማ ላክናቸው። ባለቤቴ የሆነውን የሰማው ወደ ቤት ሲመለስ ነው። አልተቆጣም። ጫማውን ሳያወልቅ ልጃችንን አቅፎ ብዙ ቆየና፣ «ከእንግዲህ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ርቀን አንሄድም» አለ። የክሊኒኩ ኃላፊ መጀመሪያ ቢያጉረመርምም ተቀበለን፤ እስካሁን በተራ ነው የምንወጣው። ልጃችን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ከዚያ ወዲህም አልተንቀጠቀጠችም።

አሮጊቷ ከሁለት ወር በኋላ ለክትትል መጡ። ዓይናቸው ተርፋለች፣ ግን እንደታሰበው አይደለም። ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ቀረብ ያለን ፊት ይለያሉ፤ የቡና ፍሬ መልቀም ግን አይችሉም። ያን ጠዋት ዓይናቸውን በደንብ አይቼ ቢሆን ምን ይተርፍ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ለልጃቸው እንዲህ አልኩት፦ «አንድ ነገር ንገርልኝ። ፋሻውን በፈታሁ ቀን በደንብ አላየኋቸውም። ልጄ ታማብኝ ቸኩዬ ነበር። መቅላቱን አይቼ አልፌዋለሁ።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ አጠር ያለ ነገር ነገራቸው። እሳቸው ፈገግ አሉና እጄን ይዘው ሳሙኝ።

ብዙም ባይሆን ካፊኖኖ እሰማለሁ። የነገራቸው እኔ ያልኩትን አልነበረም፤ «ደህና ነሽ፣ በርቺ እያለችሽ ነው» ነበር ያላቸው። አዝኖልኝ ይሁን፣ እናቱ ደግሜ አልመጣም እንዳይሉ ፈርቶ ይሁን አላውቅም። እንደገና በትክክል እንዲነግራቸው ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩትም። የጠብታውን ጠርሙስ ሰጥቼ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።