የየኔታን ጥርስ ለማስነቀል ወደ ቤተ ልሔም

ዓርብ ጠዋት ከንፋስ መውጫ የተነሣሁት ለአንድ ጥርስ ስል ነው። ጥርሱ በቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩት የአጎቴ ነው፤ እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እንላቸዋለን። ድዳቸው መግል ከያዘ ከርሟል። ሰሞኑን ደግሞ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን እያፈናቸው፣ የልባቸው ደም ሥር መጥበቡ ተነገራቸው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ፈራሁ።

ሚኒባሱ ወደ አርብ ገበያ ስለሚሄድ ከሰው እኩል ዶሮ ጭኗል። አንዷ እግሬ ሥር ሆና የካልሲዬን ክር ስትጎትት፣ ባለቤቷን "እማማ፣ ይቺን ያዙልኝ" አልኳቸው።

"አትፍራ፣ ጥርስ የላትም" አሉኝ።

አርብ ገበያ ወርጄ፣ እስከ ቤተ ልሔም የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ገብስ የጫኑ አህዮች ወደ ገበያው ሲወርዱ መንገድ አልለቅም አሉኝ። የኔታን ጉንጫቸውን በነጠላ ጠቅልለው አገኘኋቸው። ቆሎ ቀረበልኝ።

"የድድ ባክቴሪያ በደም ሄዶ የደም ሥርን ሳያስቆጣ አይቀርም ይባላል" አልኩ።

"ተረጋግጧል?"

"የልቡ ነገር ገና ጥርጣሬ ነው። መግሉ ግን በራሱ መታከም አለበት።"

"በጥርጣሬ የሰው ጥርስ ይነቀላል?"

ደም የፈሰሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ፣ ጥርሱ ከተነቀለ ማኅሌት አይቆሙም። በዓል የሌለበት ባዶ ቀን ስፈልግላቸው ሚካኤል ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ገብርኤል ነው እያሉ ወሩን ጨረሱብኝ። በንዴት ቆሎውን ቆርጠም ሳደርግ የራሴ የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርስ ነፍሴን ሊያወጣት ደረሰ። ጮህኩ።

የኔታ ፊታቸው በራ። "ያንተስ መቼ ይነቀላል?"

"ከበጀት መዝጊያ በኋላ... ሥልጠናም አለብኝ..."

"መሥሪያ ቤትም በዓል አለው ለካ!"

ሲስቁ ድንገት ደረታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ደገፍኳቸው። "የኔታ፣ እንዳላጣዎት ፈርቼ ነው የመጣሁት።"

ቀና ብለው "እሺ። ግን አንተ ትቀድማለህ" አሉ።

ሰኞ አብረን ንፋስ መውጫ ገባን። ጥርስ ሐኪሙ የልብ መድኃኒታቸውን አይቶ፣ ግፊታቸውን ለክቶ ፈቀደ። እኔ ቀደምኩ። ጩኸቴ በረንዳ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ፣ ስወጣ ወረፋ ከያዙት ሁለቱ የሉም። የኔታ ድምፅ ሳያሰሙ ጨረሱና፣ ጥጣቸውን እንደነከሱ "ዜማህ ተበላሽቷል" አሉኝ።

ቤቴ የገባሁት ጉንጬ አብጦ ነው። ሰውን ለማሳመን ማስረዳት ብቻ እንደማይበቃ፣ አንዳንዴ አንድ ጥርስ ማዋጣትም እንደሚጠይቅ ተምሬያለሁ።

በሳምንቱ የኔታ ደወሉ። ድምፃቸው እንዳልተለወጠ ሊያሰሙኝ ትንሽ አዜሙልኝ፤ ደስ አለኝ።

"የልቡስ ነገር ተረጋገጠ?"

"ገና ነው የኔታ።"

"እንግዲያው ጥርሴን መልስ!"